ሳልሞት የተበላው ሰደቃዬ

ወንድሜ እንድሪስ እኔ በሕይወት እያለሁ፣ ሳይጠይቀኝ፣ የእርሻ በሬዬን አርዶ ሰደቃዬን ለአገር አበላ። በደሉ ይኸው ነው። ቀሪውን የምጽፈው ሰው ሁሉ "እንዴት ሆኖ?" ማለቱ ስለማይቀር ነው እንጂ ለእኔስ ይህችው ትበቃ ነበር።

በሬው ዳልቻ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከመልኩ ነው። ያለኝ አንድ ጥማድ ነበር፦ ዳልቻና ስም እንኳ ያላወጣሁለት አንድ ሰነፍ በሬ። እንድሪስ ሰነፉን ትቶ ዳልቻን መረጠ። በኋላ ሲጠየቅ፣ ለአላህ የሚሰጥ ነገር ደህናው ነው አለ። ከራሱ በረት የሚወጣ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አላህን ይፈራ እንደሆነ እንጃለት።

ያን ጊዜ እኔ ከጨፋ ሮቢት ወጣ ብላ ባለች መንደር ማሽላና ጤፍ የማርስ፣ ከሰው ጋር የማልስማማ፣ ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው ነበርኩ። ዕድሜዬ አርባን አልፏል። መፈረም ሲያስፈልግ አውራ ጣቴን ቀለም ውስጥ እነክር ነበር። በመንደሩ "ሙሄ ቂሙ" ይሉኛል። የበደለኝ ሰው ሞቶ እንኳ አልረሳለትም፤ መቃብሩ ላይ አፈር እየመለስኩ ያደረገኝን አስታውሳለሁ። ይህን የምነግራችሁ ልኩራራ ብዬ አይደለም። ትንሽ ብቻ ነው የምኮራው።

እንድሪስ ታላቄ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ደግሞ አባቴ የሆነ ይመስለዋል። ቤቱን ከቤቴ የሚለየው አንድ አጥር ነው፤ ስለዚያ አጥር የምለው ብዙ አለኝ፣ ለዛሬ ልተወው።

ነገሩ የጀመረው ከጆሮዬ ዝቅ ብሎ አንገቴ ላይ በወጣ ዕጢ ነው። መጀመሪያ ሽምብራ ያክል ነበር። እያደር ሰው ከእኔ ጋር ሲያወራ ዓይኔን ትቶ እሱን እያየ ማውራት ጀመረ። አያመኝም። ያላመመኝን ነገር ይዤ ምን ብዬ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ እያልኩ ከረምኩ። ኋላ ግን ሌሊት ሌሊት ላብ ያጠምቀኝ፣ ሽርጤም ወገቤ ላይ አልቆም ይል ገባ። ሚስቴ ዘይነባ "አንተ ካልሄድክ እኔ ወደ አባቴ ቤት እሄዳለሁ" ብላ ደሴ ሆስፒታል ሰደደችኝ።

እዚያ አንዲት ወጣት ዶክተር ከዕጢው ቆርጣ ናሙና ወሰደች። ናሙናው አዲስ አበባ ደርሶ ውጤቱ ሲመጣ ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አድርጋ፣ የዕጢ ነቀርሳ ነው፣ ካንሰር የሚሉት ነው አለችኝ። አዲስ አበባ ሄደው ቶሎ ሕክምና ይጀምሩ፣ የዚህ ዓይነቱ መድኃኒት አለው፣ አይዘግዩ ብላ መከረችኝ። እኔም ማሽላዬን ሳላስገባ አልሄድም አልኳት። ነቀርሳው ማሽላዬ እስኪወቃ የሚጠብቀኝ ይመስል።

ማሽላው ሲገባ እንድሪስ ሌላ ምክር ይዞ መጣ። አዲስ አበባ ሄዶ በእግሩ የተመለሰ አላየሁም፣ ወደ ባቲ መንገድ ግን ዕጢ የሚተኩስ ሽማግሌ አለ አለኝ። አልሄድም አልኩ። ወሰደኝ። ሽማግሌው የማጭድ ጫፍ እሳት ውስጥ ከትቶ ፍም እስኪመስል ጠበቀ። እንድሪስ ጭንቅላቴን በጉልበቶቹ መካከል አጥብቆ ያዘ። "ቢስሚላህ" አለ ሰውዬው፤ ተኮሰኝ። ሁለቱንም በአማርኛ ሰደብኳቸው፤ አማርኛው ሲያልቅብኝ በኦሮምኛ ቀጠልኩ። እንድሪስ እስከ ዛሬ፣ ሙሄ በኦሮምኛ እንዲህ አንደበተ ርቱዕ መሆኑን አላውቅም ነበር ይላል።

ቁስሉ አመረቀዘ። አንገቴ አብጦ ከትከሻዬ ጋር አንድ ሆነ፤ ቅላቱ ወደ ደረቴ ወረደ። ከዚያ በኋላ ያለውን የማውቀው ከሰው ሰምቼ ነው። ትኩሳቱ ሲያስለፈልፈኝ ከሞተ አባቴ ጋር ስለዚያው አጥር ስጨቃጨቅ ነበር አሉ። ከሚሴ ጤና ጣቢያ ወስደው መርፌ አስወጉኝ። ትኩሳቱ አልወርድ ሲል የጤና ጣቢያው ሰዎች፣ አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል አድርሱት አሉ። እንድሪስ ግን፣ መንገድ ላይ ከሚሞት እቤቱ ይሙት ብሎ መለሰኝ። ዘይነባ አልቅሳ ለመነችው፤ አልሰማትም። ከፈን ተገዛ። ሰው ተጠራ።

ስነቃ እኩለ ቀን ነበር። ገላዬ ቀዝቅዟል፣ መተኛዬ በላብ ርሷል። ራስጌዬ ላይ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አየሁ፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። ከውጭ የብዙ ሰው ድምፅ ይመጣል፣ ደግሞም የሚበላ ሰው ድምፅ ነው። ዘይነባ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ውሃ አልኳት። አየችኝና የተቆጣች በሚመስል ድምፅ "ተነሳህ?" አለችኝ።

ከውሃው በኋላ መረቅ አመጣችልኝ። ጠጣሁት። እንዲያ ያለ መረቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ቀምሼ አላውቅም። ድገሚኝ አልኳት፤ ሥጋም ጨምሪበት። ጨመረች። በላሁ። ለስንት ቀን እህል ያልቀመሰ ሰው ነኝና ጣቴን ላስኩ። ይህ ጥሩ ሥጋ ነው፣ ማን አረደ ብዬ ጠየቅኋት። ብላ ብቻ አለችኝ።

በዚህ መሃል እንድሪስ እጁ እስከ ክርኑ በጮማ ወዝቶ ገባ። ተቀምጬ ሳኝክ ሲያየኝ በሩ ላይ ቀጥ አለ።

"ሙሄ፣ ፈያዳ?" አለኝ። ደህና ነህ ወይ ማለቱ ነው።

"ደህና ነኝ። የምን ድግስ ነው?"

"ሰደቃ ነው።"

"የማን?"

ዘይነባን አያት። ዘይነባ ድስቱን አየች።

"ያንተ" አለኝ።

አፌ ውስጥ ያለው ሥጋ ዳልቻ መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ልተፋው አስቤ ነበር። አልተፋሁትም፤ ለስላሳ ነበር።

ከዚያ ሰው እየገባ ጠየቀኝ። አልሃምዱሊላህ ይላል ሁሉም፣ ግን አንዳንዱ ፊት ላይ ለቀብር ተዘጋጅቶ መጥቶ የተመለሰ ሰው ቅሬታ አየሁ። ከሩቅ በእግሩ የመጣ አንድ አጎታችን "በከንቱ አደከምከኝ" ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። እኔ ግን ሰውን ሁሉ በትከሻው ላይ አሻግሬ በረቱን እያየሁ ነበር። ሰነፉ በሬ ብቻውን ታስሮ ያመነዥካል።

የዕጢውን ነገር ያየችው ዘይነባ ናት። ቁስሉ እየደረቀ ሲሄድ በጨው ውሃ ታጥብልኝ ነበርና አንድ ቀን እጇ ቆመ። ፈለገች፣ ደግማ ፈለገች። የለም። እኔም በጣቴ ዳሰስኩ፤ ጠባሳው አለ፣ ከሥሩ ግን ምንም የለም። ከመንደሩ ሰው ሐኪም ነኝ ያለ ሁሉ መጥቶ ዳሰሰኝ፤ ለገበያ የቀረበ ሙክት መሰልኩ።

ደሴ ተመለስኩ። ዶክተሯ አዲስ አበባ የሄድኩ መስሏት ነበርና ተኩሱን ስታይ ክፉኛ ተቆጣች። ከዚያ አንገቴን፣ ብብቴን፣ ብሽሽቴን ዳሰሰች። ደም አስቀዳችኝ፣ ራጅ አስነሳችኝ፣ ሌላ ሐኪም ጠርታ አሳየችኝ። በመጨረሻ፣ ሰውነትዎ ራሱ ተዋግቶ ያጠፋው ይመስላል፣ አልፎ አልፎ እንዲህ ይሆናል አለችኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ወለሉ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሱጁድ ይወርድ ነበር። እኔ በሬዬን አሰብኩ። ሰውነቴ ራሱ ካጠፋው፣ ዳልቻ የታረደው በከንቱ ነው ማለት ነዋ። በከንቱ ከታረደ እንድሪስ በሬ ይተካልኛል። ከደሴ እስከ ከሚሴ ሚኒባስ ውስጥ ክሴን ሳዘጋጅ መጣሁ። ከሞት መትረፌን የማስበው ሌላ ጊዜ ነው፤ የእርሻ ወቅት ደርሷል፣ በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም።

ሸህ አደም የሚባሉ፣ አገሩ ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ የማይሳቅበት ነገር ሲገጥማቸው እንኳ ዓይናቸው የሚስቅ ሽማግሌ አሉ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ግቢያቸው ውስጥ ተሰበሰብን። እኔ ክሴን አሰማሁ፤ ያዳነኝ ገላዬ ነው፣ ሐኪም መስክራለች፣ በሬዬን ያምጣ። እንድሪስ ተነስቶ መለሰ።

"ሰደቃ መከራ ይመልሳል። ይኸው መለሰ። ያረድኩ ዕለት ነው ትኩሳቱ የወረደው፣ አገር አይቷል። በሬውን መልስ ካለ እሱም በሽታውን ይመልስ።"

ሰው ሳቀ። ሸህ አደም አልሳቁም፤ ወደ እኔ ዞሩ።

"በላህ ወይ?"

"ምኑን?"

"ከሰደቃው።"

"በላሁ። ግን ሳላውቅ ነው።"

"ካወቅክ በኋላስ?"

ከሴቶቹ በኩል ዘይነባ "ቅልጥሙን ሳይቀር ነው" አለች። ሚስት ማለት ይህች ናት።

ሸህ አደም፣ እንግዲያው ሐኪሟን ከአፏ እንስማት አሉ። እንድሪስም ይምጣ፣ አንተም ና፣ እኔም ደሴ ጉዳይ አለኝ። ደሴ ምንም ጉዳይ እንደሌላቸው ሁላችንም እናውቃለን።

በሚኒባሱ ሸሁን እንደ ድንበር መሃላችን አስቀምጠን ሄድን። ሆስፒታሉን አውቀዋለሁና እኔ ነኝ መሪው። ግቢውን አቋርጬ፣ ኮሪደር ገብቼ፣ ተኮልኩለው ከሚጠብቁ ሰዎች መጨረሻ በኩራት አስቀመጥኳቸው። ብዙ ጠበቅን። ሸህ አደም እየተቁነጠነጡ፣ እዚህ ያለው ሁሉ ሴት ነው ይሉኛል። ሴት አይታመምም ወይ አልኳቸው። በኋላ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ መጥቶ ሦስታችንን ተራ በተራ አየን።

"አባቶች፣ የምትወልዱት ማንኛችሁ ናችሁ?"

የነፍሰ ጡሮች ክትትል ነበር። በሩ ላይ ተጽፏል አለን። ያኔ ጽሑፍ ሁሉ ለእኔ የጉንዳን ሰልፍ ነበር። ሸህ አደም ሲስቁ ጥምጣማቸው ተፈታ፤ እንድሪስ ኮሪደሩን እስክንወጣ ሆዱን ይዞ እንደሚያምጥ ሰው አቃሰተ። በዚያው ዓመት የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ። ዕውቀት ፈልጌ እንዳይመስላችሁ፤ እንድሪስ ሁለተኛ እንዳይስቅብኝ ነው።

ዶክተሯ ሦስታችንን ስታይ ዘመድ አዝማዱ ተጨንቆ የመጣ መሰላት። ስለ በሬ ክርክር መሆኑን ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ያም ሆኖ አላባረረችንም።

እሷ እንደነገረችን እንዲህ ነው። በደማችን ውስጥ እየዞሩ የሚጠብቁን ሕዋሳት አሉ። እያንዳንዱ የሰውነታችን ሕዋስ ደግሞ በውስጡ ካለው ነገር ቁራሽ ቁራሽ እያነሳ ገላው ላይ አውጥቶ ያሳያል። ጠባቂዎቹ ያንን እያዩ ያልፋሉ፤ የእኛ ከሆነ ይተዉታል፣ እንግዳ ነገር ካዩ ይገድሉታል።

ሸህ አደም አቋረጧት። "ልጄ፣ በእኛ አገር በበጋ የስንቱ አገር ከብት ወርዶ ጨፋ ሣር ላይ ይደባለቃል። እረኛ የሚለየው ጎኑ ላይ ባለው ምልክት ነው። እንደዚያ ነው የምትይው?"

"እንደዚያ ነው አባቴ። ካንሰር ግን ከሌላ አገር የመጣ ከብት አይደለም። የራስዎ ላም የወለደችው ነው። ምልክቱም የቤትዎ ነው፤ ለዚህ ነው እረኛው ዝም ብሎ የሚያሳልፈው።"

"ታዲያ የዚህ ልጅ እረኛ በምን አወቀው?"

ሕዋሱ ሲበላሽ በውስጡ የተለወጠ ነገር አለ አለች፤ ያቺ የተለወጠች ቁራሽ ላዩ ላይ ከወጣች እረኛው ይነቃል። ቁራሿን ይዞ የሚያሳየው ነገር ግን ከሰው ሰው ይለያያል። የሚሠራው ጂን በሚባለው፣ ከአባትና ከእናት በዘር በሚወረሰው ትእዛዝ ነው፤ ግማሹ ከአባት፣ ግማሹ ከእናት። የአንዱ ሰው ማሳያ አንዱን በሽታ አጉልቶ ያሳያል፣ የሌላው ሌላውን። የአቶ ሙሄ ይህን አጉልቶ አሳይቶላቸው ይሆናል አለች።

እንድሪስ ይህን ጊዜ ወደ ፊት ተጠጋ። "እኛ ከአንድ አባትና ከአንድ እናት ነን። እኔም አለኝ ማለት ነው?"

"እረኛ የሌለው ሰው የለም። ማሳያው ግን ከወንድምዎ ጋር ሙሉ በሙሉ ሊመሳሰል ይችላል፣ ግማሹም ሊመሳሰል ይችላል፣ ጨርሶም ላይመሳሰል ይችላል። እንደ ዕጣ ነው።"

የአባታችንን መሬት እኩል ተካፍለናል። ይህን ግን ብቻዬን ወርሼው ከሆነ ብዬ ሳስብ ደስታ ወረረኝ። በሬዬ አልበቃው ብሎ ደግሞ እረኞቼን ሊካፈል ይመጣል።

ደስ ሲለኝ ጊዜ አላርፍ አልኩ። ክሴን ላጠናክር ብዬ አንገቴን ገልጬ ጠባሳዬን አሳየሁ፤ ይህን ያስተኮሰኝ እሱ ነው፣ ሊገድለኝ ነበር አልኩ። ዶክተሯ እንድሪስን በዓይኗ ቀጣችው። እንዲህ ተተኩሰው መጥተው እጇ ላይ የሞቱ ሰዎች እንዳሉ፣ ይህ መድኃኒት ሳይሆን ቁስል እንደሆነ ነገረችው። እንድሪስ አንገቱን ደፋ። በሬው አንድ እግሩ በረቴ የገባ መሰለኝ።

ከዚያ፣ የጠየቃት ሰው ሳይኖር፣ ቀጠለች። ነቀርሳ እረኞቹን ማስተኛት ያውቅበታል አለች። ቁስሉ አመርቅዞ ያ ሁሉ ትኩሳት ሲነሳ ግን እረኞቹ ተቆጥተው በገፍ ወጥተው ይሆናል፤ ያንን ሲዋጉ ዕጢውንም አገኙት ብለን እንገምታለን። እርግጠኛ መሆን አልችልም።

እንድሪስ አንገቱን ቀና አደረገ።

"ትኩሳቱን ያመጣው ቁስሉ ነው?"

"አዎ፣ ግን..."

"ቁስሉን ያመጣው ተኩሱ ነው?"

"አዎ።"

"ተኩሱ ጋ የወሰድኩት እኔ ነኝ።" ወደ እኔ ዞሮ ጥርሱን አሳየኝ። "ምስክርህ ናት፣ አንተ ነህ ያመጣኸን።"

ዶክተሯ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች። ወንድምዎ የተረፉት ከብዙ አንድ ሆነው ነው፣ ሌላ ሰው ወደዚያ ሽማግሌ ከወሰዱ ገዳይ ነዎት አለችው። እንድሪስ እሺ አለ። ጥርሱ ግን አልተከደነም።

ሸህ አደም የመጨረሻዋን ጥያቄ ጠየቁ፤ ሰደቃውስ ምንም ድርሻ የለውም ወይ አሉ።

"አባቴ፣ በሬው በእኔ መሣሪያ አይታይም" አለች። "ያላየሁትን አልመሰክርም፤ የለም ብዬም አልምልም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህ በሽታ ሄዶ ሊመለስ ይችላል። አምስት ዓመት እየመጡ መታየት አለባቸው።"

ፍርዱ የተሰጠው ስንመለስ ኮምቦልቻ ላይ ሻይ ስንጠጣ ነው። ሸህ አደም ስኳሩን ብዙ ጊዜ አማሰሉት።

"የሰደቃን መቀበል የሚያውቀው አላህ ነው" አሉ። "እኛ የምንፈርደው በሚታየው ነው። አምስት ዓመት እንጠብቃለን። በሽታው ከተመለሰ፣ የተበላው ሥጋ እንጂ ሰደቃ አይደለም፤ እንድሪስ በሬ ይሰጥሃል። ካልተመለሰ፣ በሬው ለነፍስህ ወጥቷል፤ አፍህን ትይዛለህ። እስከዚያው ግን አንድ በሬህን ከእንድሪስ ሁለት በሬዎች ከአንዱ ጋር አቀናጅተህ ታርሳለህ።"

"ሸህ አደም፣ በሽታው ከተመለሰማ በሬውን ምን ላርግበት?"

"እሱን ያን ጊዜ ታስብበታለህ።"

እንድሪስ ሻይ ትን አለው።

እንግዲህ አስቡት። በሬዬን የማገኘው ልሞት ስል ብቻ ነው። ያ ተንኮለኛ ሽማግሌ ከሳሽ ሆኜ ሳለ በክሴ እንድሸነፍ ዱዓ እንዳደርግ ፈረደብኝ። እኔ ደግሞ ከተወለድኩ ጀምሮ በክስ ተሸንፌ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከእንድሪስ ጋር ተቀናጅተን አረስን። አንነጋገርም። እሱ ለበሬዎቹ እየተናገረ እኔን ይሰድባል፣ "ቀጥ በል፣ አንተ ውለታ ቢስ" ይላል፤ እኔም በሰነፉ በሬዬ በኩል እመልስለታለሁ። እነዚያ በሬዎች የሰሙትን ስድብ ሰው አይችለውም። በዓመቱ ደሴ ስሄድ ግን ሁልጊዜ አብሮኝ ይሳፈራል። የሚመጣው በሬውን ሊጠብቅ ነው እል ነበር፤ ውጤቱን በጆሮው ሰምቶ ሊመለስ።

ዶክተሯ በየዓመቱ ዳስሳኝ፣ ደሜን አይታ፣ ነጻ ነዎት ትለኛለች። እኔ ፊቴ ይጠቁራል። በሦስተኛው ዓመት አላስቻላትም፤ እዚህ ወንበር ላይ ነጻ ነዎት ያልኩት ሰው ያለቅሳል፣ እርስዎ ያኮርፋሉ፣ ለምንድን ነው አለችኝ። ፍርዱን ነገርኳት። ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ቀጣዩ በሽተኛ በር ከፍቶ አይቶን መልሶ ዘጋው።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ምን ተማርክ ብትሉኝ፣ ደግ ሰው አልሆንኩም። አንድ ነገር ግን በሽታው ራሱ ያላደረሰብኝን ጉዳት አድርሶብኛል። ወሬዬ ተሰምቶ አንድ አንገቱ ያበጠ ገበሬ ከሩቅ መንደር ፈልጎኝ መጣ። የተኳሹን ቤት አሳየኝ አለኝ። እኔ ሆስፒታል ሂድ አልኩት፤ ዶክተሯ ያለችውን እንዳለ ነገርኩት፣ ለመንኩት፤ እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም። አንገቴን አየና፣ አንተ ድነህ የለም እንዴ አለኝ። ሄደ፣ ተተኮሰ፣ ሞተ። በአፌ የነገርኩትን ሳይሆን በአንገቴ ያየውን አመነ። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ዕጢ ካያችሁ ማሽላውንም ጤፉንም ትታችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ እኔን አትዩ። እኔ ምሳሌ አይደለሁም፤ ዕጣ የወጣልኝ ነኝ፣ ያውም ባልቆረጥኩት ዕጣ።

ስለ እረኞቼም አስባለሁ። ዶክተሯ እንደነገረችኝ አንዴ ለይተው ያወቁትን ጠላት አይረሱም፤ ዓመታት አልፈው ብቅ ቢል ያስታውሱታል። እኔ ስሜን መጻፍ ሳላውቅ እነሱ ምልክት ያነቡ ነበር። ዕድሜ ልኬን ቂመኛ እየተባልኩ ስሰደብ፣ ደሜ ውስጥ ያሉትም ቂመኞች ናቸው ለካ። ይህን ለዘይነባ ብነግራት፣ እነሱ ቂማቸውን ለይተው ነው የሚይዙት፣ አንተ ያገኘኸው ላይ ነው አለችኝ።

አምስተኛው ዓመት ደረሰ። እንድሪስ እንደ ልማዱ አብሮኝ መጣና ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ገባሁ። ዶክተሯ ከወትሮው አስረዝማ አየችኝ። ከዚያ ተነስታ እጄን ጨበጠችኝና፣ ከእንግዲህ በየዓመቱ መምጣት አያስፈልግዎትም፣ ሰላም ይግቡ አለችኝ።

ወጣሁ። ደስታው የነበረ ይመስለኛል፣ የሆነ ቦታ። ፊቴ ላይ ግን የነበረው ዳልቻ ነው። ሰፊ ትከሻው፣ ሳይነዳ የሚገባበት ትልም፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል አየሩን የሚያሸትትበት ነገሩ። አለቀ። ዳልቻ ቀረ።

እንድሪስ ከሩቅ ፊቴን አየ። ከድንጋዩ ተነሳ።

"ተመለሰ?" አለኝ።

እኔ ገና ከዳልቻ ጋር ትልም ውስጥ ነበርኩ።

እንድሪስ መሬት ላይ ተቀመጠ። ድንጋዩ አጠገቡ እያለ፣ በነጭ ጋቢው፣ የሰው እግር በሚመላለስበት አቧራ ላይ። ታላቄን እንዲያ ሆኖ ያየሁት አባታችን የሞተ ዕለት ብቻ ነው።

"ሁለቱንም ውሰድ" አለ። "ሁለቱንም በሬዎቼን ውሰድ፣ ሽጣቸው። ዛሬውኑ አዲስ አበባ እንሂድ። በዚያን ጊዜ አንተን መውሰድ ነበረብኝ። ወላሂ ያኔ ነበር መውሰድ የነበረብኝ።"

ለአንድ አፍታ ያህል ዝም ብል ኖሮ በረቴ ውስጥ ጥማድ በሬ ይገባ ነበር። ሰው በዚህ ዕድሜው እንዲህ ይቄላል?

"አልተመለሰም" አልኩት። "ድኛለሁ። አትምጣ አለችኝ።"

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገና ተነሳ። አቧራውን አራገፈ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"ፍርዱን ታስታውሳለህ" አለኝ።

"አስታውሳለሁ።"

"እንግዲያው አፍህን ያዝ።"

ያዝኩ። በሬዬን በሕግ ያጣሁት በዚያን ዕለት፣ ማክሰኞ መጋቢት 13 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው።